የፕሮሰሰርን የጣሪያ አቅም ለመገመት የትኛው መንገድ ይሻላል? ስድስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

የኢንቴል ዜኦን ፕላቲነም 8180 በሰከንድ ስንት ስሌት ይሠራል? አራት ባለሙያዎች ለየብቻ ቢያሰሉት 1,523፣ 2,061፣ 2,240 እና 3,405 ጊጋፍሎፕስ (በሰከንድ ቢሊዮን ስሌት) የሚሉ አራት መልሶች ሊመጡ ይችላሉ። ማባዛት የተሳሳተ የለም። ኮሩ (ራሱን ችሎ የሚያሰላው የፕሮሰሰሩ ክፍል) 28 መሆኑ፣ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ዑደት 32 ስሌት መሥራቱ በአራቱም ወረቀት ላይ አንድ ነው። የተለያዩት በክሎኩ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ በሚሠራው የዑደት ብዛት ብቻ ነው፤ አንዱ 1.7 ጊጋኸርዝ ወሰደ፣ ሌላው 2.3፣ ሦስተኛው 2.5፣ አራተኛው 3.8።

ሁለት ሻጮች ሁለት ፕሮሰሰር ይዘው ቢመጡና አንደኛው በ1.7 መንገድ፣ ሌላኛው በ3.8 መንገድ ያሰላ ቢሆን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም አያስረዳም። ክሎኩ አብሮት ያልተጻፈ የጊጋፍሎፕስ ቁጥር ለምርጫ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የሚነጻጸሩት ፕሮሰሰሮቹ ሳይሆኑ የመገመቻ መንገዶቹ ናቸው። የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ የትኛው የት ላይ እንደሚያሳስት እናያለን።

መመዘኛዎቹ

አንዱን የግምት መንገድ ከሌላው ለመለየት አምስት ጥያቄ ይበቃል። ማሽኑ እጅ ላይ ሳይኖር መሥራት ይቻላል? ስህተቱ የሚያጋድለው ወደ ላይ ነው ወደ ታች? የተለያዩ አምራቾችን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል? ምን ያህል ሰዓትና ሙያ ይጠይቃል? ስለ ራስዎ ፕሮግራም የሚነግርዎ ነገር አለ?

ከአምስቱ ሁለተኛው ከባዱ ነው። 20 ከመቶ የሚሳሳት ግምት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ሊታረም ይችላል። ለአንዱ አምራች ወደ ላይ፣ ለሌላው ወደ ታች የሚሳሳት ግምት ግን ስህተቱ 10 ከመቶ ቢሆንም ለምርጫ አደገኛ ነው።

ሁሉም የሚነሱበት ቀመር

ጣሪያ = የሶኬት ብዛት × በአንድ ሶኬት ያሉ ኮሮች × የክሎክ ፍጥነት × በአንድ ዑደት የሚሠሩ ስሌቶች

ሶኬት አንድ ፕሮሰሰር የሚሰካበት ቦታ ነው። ስሌት የምንለው ፍሎቲንግ ፖይንት የሚባለውን የነጥብ ቁጥር ስሌት ነው፤ ካልተገለጸ በቀር ባለ64 ቢቱን። ባለ32 ቢት ከሆነ በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ውጤቱ እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻው ቁጥር የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የቬክተሩን (በአንድ ትእዛዝ አብረው የሚሰሉ ቁጥሮች ስብስብ) ስፋት በቢት ወስደው ለ64 ያካፍሉ፣ በኤፍኤምኤ ክፍሎች ብዛት ያባዙ፣ ከዚያ በ2። ኤፍኤምኤ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ስለሚሠራ ነው 2 የገባው።

| ትውልድ | የስሌት ክፍሎቹ | በአንድ ዑደት፣ በአንድ ኮር |
|---|---|---|
| ኢንቴል ኔሃለም፣ ዌስትሚር | 128 ቢት፣ ማባዣና መደመሪያ ለየብቻ | 4 |
| ኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ፣ አይቪ ብሪጅ | 256 ቢት፣ ማባዣና መደመሪያ ለየብቻ | 8 |
| ኢንቴል ሃስዌል፣ ብሮድዌል | 256 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 16 |
| ኢንቴል ስካይሌክ ሰርቨር | 512 ቢት፣ 1 ኤፍኤምኤ | 16 |
| ኢንቴል ስካይሌክ ሰርቨር | 512 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 32 |
| ኤኤምዲ ዜን 1 | 128 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 8 |
| ኤኤምዲ ዜን 2፣ ዜን 3፣ ዜን 4 | 256 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 16 |
| ኤኤምዲ ዜን 5፣ የሰርቨሩ | 512 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 32 |
| አርም ኒኦቨርስ ኤን1 | 128 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 8 |
| አርም ኒኦቨርስ ቪ1 | 256 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 16 |
| አርም ኒኦቨርስ ቪ2 | 128 ቢት፣ 4 ኤፍኤምኤ | 16 |
| ፉጂትሱ ኤ64ኤፍኤክስ | 512 ቢት፣ 2 ኤፍኤምኤ | 32 |

ከክሎኩ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ የመጨረሻ ቁጥር ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የስካይሌክ ሰርቨሮች ሁለት መስመር የያዙት በስህተት አይደለም። የብሮንዝና የሲልቨር ደረጃዎቹ ኤቪኤክስ512ን (ባለ512 ቢት የቬክተር ትእዛዞችን) ይደግፋሉ፣ የ512 ኤፍኤምኤ ክፍላቸው ግን አንድ ብቻ ነው። የማሽኑን የችሎታ ዝርዝር ያየ ሰው ኤቪኤክስ512 ተጽፎ ስለሚያገኝ 32 ብሎ ያባዛል። 12 ኮርና 2.1 ጊጋኸርዝ ያለው ዜኦን ሲልቨር 4116 በዚህ መንገድ 806.4 ጊጋፍሎፕስ ይወጣለታል፤ ትክክለኛው 12 × 2.1 × 16 = 403.2 ነው። እነዚህ ፕሮሰሰሮች በ256 ቢቱ ኤቪኤክስ2ም በዑደት 16 ስለሚሠሩ ኤቪኤክስ512 ጣሪያቸውን ከፍ አያደርግላቸውም። ክሎኩን ዝቅ ሊያደርግባቸው ግን ይችላል።

ዜን 4ም ኤቪኤክስ512ን ይቀበላል፤ የስሌት ክፍሎቹ ግን የ256 ቢት ስለሆኑ አንዱን ባለ512 ትእዛዝ በሁለት ዙር ነው የሚጨርሱት። ትእዛዙን መቀበልና በአንድ ዑደት መጨረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቬክተሩ ስፋት ብቻውንም አያስረዳም። ኒኦቨርስ ቪ1 በሁለት ባለ256 ክፍል፣ ቪ2 በአራት ባለ128 ክፍል እዚያው 16 ላይ ይደርሳሉ።

ኮርና ስሬድ (አንድ ኮር ጎን ለጎን የሚይዘው የሥራ መስመር) መደባለቅ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ሊኑክስ ላይ ኤልኤስሲፒዩ የሚባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ የሚያሳየው የሲፒዩ ብዛት ስሬዶቹን ነው። በአንድ ኮር ላይ ያሉ ሁለት ስሬዶች እነዚያኑ የኤፍኤምኤ ክፍሎች ስለሚጋሩ በስሬድ ያባዛ ሰው ጣሪያውን በእጥፍ አሳበጠ ማለት ነው። መውሰድ ያለብዎ በሶኬት ያሉትን ኮሮች የሚያሳየውን መስመር ነው፤ እሱን በሶኬቱ ብዛት ያባዙ።

ትልልቅና ትንንሽ ኮሮችን ያቀላቀሉት ፕሮሰሰሮች ደግሞ በአንድ ማባዛት አይሰሉም። ኮር አይ9 12900ኬ 16 ኮር አለው፤ 8ቱ ትልልቅ ናቸው፣ 8ቱ ትንንሽ። በመነሻ ክሎክ ትልልቆቹ 8 × 3.2 × 16 = 409.6፣ ትንንሾቹ 8 × 2.4 × 8 = 153.6፣ ድምሩ 563.2 ጊጋፍሎፕስ ይሆናል። ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ 16 × 3.2 × 16 ያለ ሰው 819.2 ያገኛል።

አማራጭ 1፦ በመነሻ ክሎክ ማስላት

በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የመነሻ ክሎክ ወስዶ ማባዛት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ማሽኑም አያስፈልግም። የዓለምን ፈጣን ኮምፒውተሮች የሚደረድረው ቶፕ500 የሚያወጣው የጣሪያ ቁጥርም አምራቹ ባሳወቀው ክሎክ የተሰላ ነው። የጃፓኑን ፉጋኩ በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል፦ 158,976 ፕሮሰሰር × 48 ኮር × 2.2 ጊጋኸርዝ × 32 ተባዝቶ 537 ፔታፍሎፕስ ይመጣል፤ በዝርዝሩ ላይ የተመዘገበለትም ይኸው ነው።

ችግሩ የስህተቱ አቅጣጫ ነው። 64 ኮርና 2.25 ጊጋኸርዝ ያለው ኤኤምዲ ኤፒክ 7742 በዚህ ስሌት 2,304 ጊጋፍሎፕስ ይሆናል። ዜኦን 8180 ደግሞ 2,240። እኩል ናቸው ሊባል ነው። ዜኦኑ ግን ከባድ የኤቪኤክስ512 ሥራ በሁሉም ኮሮቹ ላይ ሲጫንበት 2.5 ጊጋኸርዝን አይዘውም፤ ከዚያ በታች ይወርዳል። ኤፒኩ የ512 ክፍል ስለሌለው እንዲህ ያለ ለብቻው የተመደበ ዝቅተኛ ክሎክ የለበትም። ፍጥነቱን የሚወስኑት ኃይልና ሙቀት ናቸው፤ ማቀዝቀዣው ከበቃው ከመነሻው በላይም ሊሄድ ይችላል። ያው ቀመር አንዱን አሞገሰ፣ ሌላውን አሳነሰ።

በነገራችን ላይ፣ አምራቾች ኤፒፒ የሚባል ቁጥርም ያትማሉ። እሱ የአሜሪካን የወጪ ንግድ ቁጥጥር ለማሟላት የሚሰላ ክብደት የተሰጠው ቁጥር ነው፤ ቬክተር ላላቸው ፕሮሰሰሮች በ0.9፣ ለሌላቸው በ0.3 ይባዛል። ለአፈጻጸም ንጽጽር የተሠራ አይደለምና ከጊጋፍሎፕሱ ጋር በአንድ አምድ አያስቀምጡት።

አማራጭ 2፦ በከፍተኛ ቱርቦ ማስላት

ቱርቦ ፕሮሰሰሩ ሲመቸው ከመነሻው በላይ የሚደርስበት ክሎክ ነው። ይህ መንገድ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አይጠቀሙበት። የ8180 3.8 ጊጋኸርዝ የሚገኘው ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩና ሥራው ከባድ የቬክተር ሥራ ሳይሆን ነው። ያንን ፍጥነት በ28 ኮር እና በ32 ማባዛት በአንድ ጊዜ የማይገናኙ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማባዛት ነው። ኤፒክ 7742 በ3.4 ቢባዛ 3,481.6 ይመጣል፤ እሱም ያው ነው። በማስታወቂያ ላይ ከመነሻው ስሌት በ50 ከመቶ የሚበልጥ ቁጥር ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸ ነው።

አማራጭ 3፦ በሁሉም ኮር የቬክተር ክሎክ ማስላት

ያው ቀመር ነው፤ የሚገባው ክሎክ ግን ሁሉም ኮሮች ከባድ የቬክተር ትእዛዝ ሲሠሩ የሚይዙት ነው። ኢንቴል ለሰርቨር ፕሮሰሰሮቹ ባወጣቸው የስፔሲፊኬሽን አፕዴት ሰነዶች ላይ ለመደበኛ ሥራ፣ ለኤቪኤክስ2 እና ለኤቪኤክስ512 ለየብቻ፣ በሚሠሩት ኮሮች ብዛት የተደረደረ ሠንጠረዥ አለ። የ8180 እንዲህ ነው፦

| የሥራው ዓይነት | መነሻ ክሎክ | የሁሉም ኮር ቱርቦ | በዑደት | ጣሪያ በጊጋፍሎፕስ |
|---|---|---|---|---|
| ኤቪኤክስ2 | 2.1 | 2.8 | 16 | ከ940.8 እስከ 1,254.4 |
| ኤቪኤክስ512 | 1.7 | 2.3 | 32 | ከ1,523.2 እስከ 2,060.8 |

ሁለቱን ጫፎች ይዞ ክልል አድርጎ ማቅረብ አንድ ቁጥር ከመወርወር ይሻላል። የታችኛው ጫፍ አምራቹ የሚተማመንበት ነው፤ የላይኛው ኃይሉና ማቀዝቀዣው ሲመች የሚደረስበት። ሠንጠረዡ ኤቪኤክስ512 ስፋቱን በእጥፍ ቢያሳድግም ጣሪያውን በእጥፍ እንደማያሳድግም ያሳያል፤ 1,254 ወደ 2,061 ሲያድግ 1.64 ጊዜ ነው። በኋለኞቹ የኢንቴል ትውልዶች ይህ የክሎክ ቅጣት እየቀነሰ መጥቷል፤ ስለዚህ የስካይሌክን ልዩነት በሌላ ትውልድ ላይ በግምት አይጫኑ።

ማሽኑ እጅዎ ላይ ከሌለ ምርጫው ይኸ ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ለማይወጣላቸው ፕሮሰሰሮች መነሻ ክሎኩን እንደ ታችኛ ጫፍ ይያዙ፣ የላይኛውን ደግሞ በቀጣዩ መንገድ ይለኩ።

አማራጭ 4፦ በአጭር ፕሮግራም ጣሪያውን መንካት

ሚሞሪን የማይነካ፣ በሬጂስተሮች (በኮሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ የቁጥር መያዣዎች) ላይ ብቻ ኤፍኤምኤ የሚደጋግም ትንሽ ፕሮግራም ነው። በትክክል ከተጻፈ ወደ ጣሪያው በጣም ይጠጋል። በትክክል የሚጻፈው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንይ።

1. 12 የቬክተር ሬጂስተሮችን እንደ መደመሪያ ያዘጋጁ። ሃስዌል ላይ አንድ ኤፍኤምኤ ውጤቱን ለመስጠት 5 ዑደት ይፈጅበታል፣ ስካይሌክ ላይ 4። ሁለት ክፍሎች ስላሉ ሁሉም ሥራ ላይ እንዲቆዩ በአንድ ጊዜ እርስ በርስ የማይጠባበቁ 10 ወይም 8 ስሌቶች ያስፈልጋሉ። 12 ለሁለቱም ይበቃል፤ ከሁለት ቋሚዎች ጋር 14 ሆኖ በኤቪኤክስ2 16 ሬጂስተሮች ውስጥ ይገባል።
2. እያንዳንዱን በ0.999 አባዝቶ 0.001 የሚደምር ስሌት ይደጋግሙ። ዋጋው ወደ 1 ስለሚጠጋ ወደ ወሰን የለሽ አያመልጥም፣ ፕሮሰሰሩን ወደሚያዘገዩት እጅግ ትንንሽ ቁጥሮችም አይወርድም።
3. የቬክተር ትእዛዞቹን በኢንትሪንሲክ (ትእዛዙን በስሙ በቀጥታ በመጥራት) ይጻፉ፤ ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ ለሚቀይረው ኮምፓይለር ፈቃድ አይተዉት። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ለስካይሌክ ሰርቨር እንዲያመቻች ታዝዞም ቢሆን በራሱ የሚመርጠው ባለ256 ቢቱን ነው።
4. መጨረሻ ላይ የመደመሪያዎቹን ድምር ያትሙ። ውጤቱ ጥቅም ላይ ካልዋለ ኮምፓይለሩ ሙሉውን ዙር ያጠፋዋል።
5. በእያንዳንዱ ኮር አንድ ስሬድ ብቻ ያስነሱ፣ ወደ ሌላ ኮር እንዳይዛወርም ከኮሩ ጋር ይሰሩት።
6. ቢያንስ 3 ደቂቃ ያስኬዱ፣ የመጀመሪያውን ደቂቃ ይጣሉ። በብዙ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከፍተኛው የኃይል ገደብ የሚፈቀደው ለ28 ወይም ለ56 ሰከንድ ያህል ነው፤ የ10 ሰከንድ ልኬት የሚያየው ይህንን ጊዜያዊ ጉልበት ነው።

በኤቪኤክስ2 አንድ ዙር 12 × 4 × 2 = 96 ስሌት ነው። በ2.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ በዑደት 16 ያለው ኮር አንድ ቢሊዮን ዙር በ2.4 ሰከንድ መጨረስ አለበት። ለ3 ደቂቃ 75 ቢሊዮን ዙር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጎን ለጎን ተርቦስታት የሚባለውን የሊኑክስ መሣሪያ ከፍተው ኮሮቹ ሥራ ላይ ሳሉ የያዙትን ክሎክ ይመዝግቡ። የፕሮሰሰሩን የጊዜ ቆጣሪ ትእዛዝ እንደ ዑደት መቁጠሪያ የሚጠቀሙ አሉ፤ በዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ያ ቆጣሪ በቋሚ ፍጥነት ስለሚሄድ ትክክለኛውን ክሎክ አይናገርም።

ውጤቱ ሲያስደነግጥ የሚታየው መጠን ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ከጣሪያው አንድ ስምንተኛ አካባቢ ከመጣ መደመሪያው አንድ ብቻ ሆኖ ስሌቶቹ እየተጠባበቁ ነው። ልክ ግማሽ ከመጣ ወይ የኤፍኤምኤው ክፍል አንድ ነው፣ ወይ ኮምፓይለሩ ጠባቡን ቬክተር መርጧል፣ ወይ ማባዛትና መደመርን ለያይቶታል። በአንድ ኮር ትክክል ሆኖ በሁሉም ሲጫን ከወረደ ኃይል ወይም ሙቀት ነው። ዜሮ ሰከንድ ካለ ዙሩ ጠፍቷል። ከስሌቱ በላይ ከመጣ ደግሞ ማሽኑ እርስዎ ባሰሉበት ክሎክ ላይ አይደለም።

አማራጭ 5፦ ሊንፓክ

ኤችፒኤል የሚባለው የሊንፓክ ቅጂ ትልቅ የቀጥታ እኩልታዎች ስብስብ ይፈታል፤ ቶፕ500 ማሽኖችን የሚደረድረው በዚህ ነው። የሚሰጠው ጣሪያውን ሳይሆን በአንድ ደህና በተመቻቸ ሥራ የተደረሰበትን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ታች ያጋድላል፤ አቅጣጫው መታወቁ ግን ጥቅሙ ነው።

ዋናው ምርጫ የማትሪክሱ መጠን ኤን ነው። ማትሪክሱ 8 × ኤን² ባይት ይይዛል፤ የሚሞሪውን 80 ከመቶ እንዲሞላ ይደረጋል። 256 ቢሊዮን ባይት ሚሞሪ ላለው ማሽን ኤን 160,000 ይሆናል። የስሌቱ ብዛት ሁለት ሦስተኛ ኤን³ ስለሆነ 2.73 ኳድሪሊዮን ያህል ነው፤ ማሽኑ 1.5 ቴራፍሎፕስ ከያዘ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የብሎኩ መጠን ከ192 እስከ 384 ባለው ክልል ይሞከራል፤ 256 ከተመረጠ 160,000ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። ፒ እና ኪው የሚባሉት የሂደቶች አደራደር ቁጥሮች እርስ በርስ የተቀራረቡ ይሁኑ፣ ፒ ከኪው አይብለጥ።

ውጤቱ የወረደ እንደሆነ በቅደም ተከተል የሚመረመሩት፦ ለፕሮሰሰሩ ያልተመቻቸ የማትሪክስ ላይብረሪ (ኦፕንብላስ፣ ብሊስ ወይም የኢንቴል ኤምኬኤል መሆን አለበት)፣ በጣም ትንሽ ኤን፣ ሚሞሪው ሞልቶ ወደ ዲስክ መፍሰስ፣ ሂደቶች ከሶኬት ሶኬት መዝለል።

ፉጋኩ ከ537 ፔታፍሎፕስ ጣሪያው በሊንፓክ 442 አግኝቷል፤ 82 ከመቶ። ይህ ግን ማትሪክስ ከማትሪክስ የሚባዛበት ሥራ ነው፤ አንዴ ከሚሞሪ የመጣ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሠራበታል። ሚሞሪን ይበልጥ የሚያደክመው ኤችፒሲጂ በሚባለው መለኪያ ያው ፉጋኩ 16 ፔታፍሎፕስ አካባቢ ነው፤ ከጣሪያው 3 ከመቶ። ሁለቱም መለኪያዎች አልዋሹም።

አማራጭ 6፦ ሩፍላይን

ሩፍላይን በ2009 በዊሊያምስ፣ ዋተርማንና ፓተርሰን የቀረበ ቀላል ሐሳብ ነው፦ ፕሮግራምዎ የሚደርስበት ከሁለቱ ትንሹ ነው። አንደኛው የስሌት ጣሪያው፣ ሁለተኛው የሚሞሪ ባንድዊድዝ (በሰከንድ የሚያስተላልፈው ባይት) ሲባዛ ከሚሞሪ በመጣ በእያንዳንዱ ባይት በሚሠራው የስሌት ብዛት።

ባንድዊድዙም በቀመር ይገኛል፦ የቻናል ብዛት × 8 ባይት × የሚሞሪው ፍጥነት። ኤፒክ 7742 8 ቻናል የዲዲአር4-3200 ስላለው በሰከንድ 204.8 ጊጋባይት፣ ዜኦን 8180 6 ቻናል የዲዲአር4-2666 ስላለው 128 ጊጋባይት። ይህ ሁሉም ቻናል ሚሞሪ ሲሰካበት ነው። ከ8ቱ በሁለቱ ብቻ የተሰካበት ሰርቨር 51.2 ላይ ይቀራል፤ ፕሮሰሰሩን አወዳድረው የገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይኸንን ነው።

አሁን ሁለት የቁጥር ዝርዝሮችን፣ አንዱን በቋሚ አባዝቶ፣ ደምሮ ሦስተኛ ላይ የሚጽፍ ሥራ እንውሰድ። በእያንዳንዱ ዙር 2 ስሌት፣ 24 ባይት። ኤፒኩ ላይ 204.8 × 2 ÷ 24 = 17 ጊጋፍሎፕስ፣ ዜኦኑ ላይ 10.7። ከ2,000 በላይ የሆነው ጣሪያ እዚህ ምንም አልፈየደም። ከጣሪያው ለመድረስ ኤፒኩ በባይት 11.25 ስሌት፣ ዜኦኑ በላይኛው ጫፉ 16 ስሌት ይፈልጋሉ። በስሌት ጣሪያ ተቀራራቢ የነበሩት ሁለቱ በሚሞሪ ሥራ 1.6 ለ1 ሆነው ተለያዩ።

ባንድዊድዙን በልኬት ለማግኘት ስትሪም የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ሕጉ እያንዳንዱ ዝርዝር ከመጨረሻው ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ፈጣን ሚሞሪ) ቢያንስ 4 እጥፍ እንዲሆን ነው። የኤፒክ 7742 ካሽ 256 ሜጋባይት ስለሆነ ዝርዝሩ 1 ጊጋባይት፣ ማለትም 134 ሚሊዮን ያህል ባለ64 ቢት ቁጥር ይይዛል። ካነሰ የሚለኩት ካሹን ነው።

በአንድ ገጽ

| መንገድ | ማሽን ይፈልጋል? | ስህተቱ | አምራቾችን ማወዳደር | ጊዜ | ለራስ ፕሮግራም |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. መነሻ ክሎክ | አይፈልግም | አቅጣጫው ይለዋወጣል | ደካማ | 5 ደቂቃ | ምንም |
| 2. ከፍተኛ ቱርቦ | አይፈልግም | በጣም ወደ ላይ | አይሆንም | 5 ደቂቃ | ምንም |
| 3. የቬክተር ክሎክ | አይፈልግም፣ ሰነድ ግን ያሻል | ጠባብ ክልል | ጥሩ | 1 ሰዓት | ጥቂት |
| 4. አጭር ፕሮግራም | ይፈልጋል | ትንሽ፣ ወደ ታች | በጣም ጥሩ | ግማሽ ቀን | ጥቂት |
| 5. ሊንፓክ | ይፈልጋል | ወደ ታች | ጥሩ | 1 ወይም 2 ቀን | ለማትሪክስ ሥራ ብቻ |
| 6. ሩፍላይን | ለመነሻው አይፈልግም | በባይት ስሌቱ ግምት ይወሰናል | በጣም ጥሩ | ጥቂት ሰዓታት | ብዙ |

ስለ ግራፊክስ ካርዶች አንድ ነገር ብቻ። ኤንቪዲያ ኤ100 በባለ64 ቢት 9.7 ቴራፍሎፕስ፣ በባለ16 ቢት የቴንሰር ኮር 312፣ ከማትሪክሱ ግማሹ ዜሮ ሆኖ ሲዘለል 624 ተብሎ ይጻፋል። ሦስቱም የአንድ ዕቃ ቁጥሮች ናቸው። ካርድን ከፕሮሰሰር ከማወዳደርዎ በፊት የቢቱን ብዛትና ዜሮ የመዝለል ቅድመ ሁኔታውን ያመሳስሉ።

ለማን የትኛው

ትልቅ ግዥ የሚፈጽም ተቋም በአማራጭ 3 ይጀምር፣ አቅራቢዎችን ግን በራሱ ቀመር እንዲሞሉ ያስገድድ፦ የኮር ብዛት፣ የኤፍኤምኤ ክፍል ብዛት፣ የሁሉም ኮር የቬክተር ክሎክ፣ የተሰኩ የሚሞሪ ቻናሎች። ከዚያ የሊንፓክና የስትሪም ውጤት ከነኤኑ እና ከነዝርዝሩ መጠን ይጠየቅ። ባዶ የጊጋፍሎፕስ ቁጥር ያመጣ አቅራቢ ይመለስ።

በጀቱ ጠቦ ያገለገለ ሰርቨር ለሚፈልግ አማራጭ 1 ይበቃል፤ በትውልዶች መካከል ያለው ልዩነት ከክሎኩ ስህተት ይልቃልና። ዜኦን ኢ5-2690 የመጀመሪያው ሳንዲ ብሪጅ ነው፦ 8 × 2.9 × 8 = 185.6። ያው ስም ቪ3 ሲጨመርበት ሃስዌል ይሆናል፦ 12 × 2.6 × 16 = 499.2። በሁለት ፊደል ልዩነት 2.7 እጥፍ ነው፤ ስሙን እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ክላውድ የሚከራይ ሰው ቪሲፒዩ የሚባለው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቅ። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስሬድ ስለሆነ 16 ቪሲፒዩ 8 ኮር ነው፤ እንደ ግራቪቶን ባሉት የአርም ማሽኖች ግን አንድ ቪሲፒዩ አንድ ሙሉ ኮር ነው። ማሽኑ በሰዓት ስለሚከራይ አማራጭ 4ን ለማስኬድ የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው፤ ያለ ልኬት የዓመት ውል መፈረም አይመከርም።

ፕሮግራሙን ለማፍጠን የሚሠራ ሰው አማራጭ 4ንና 6ን አጣምሮ ይያዝ። የለካውን ጣሪያ ለባንድዊድዙ ያካፍል፣ ፕሮግራሙ በባይት የሚሠራውን ስሌት ይቁጠር። የቆጠረው ካካፈለው (ለኤፒኩ 11፣ ለዜኦኑ 16 ከነበረው) በታች ከሆነ ትርፉ ያለው ሚሞሪን በመቆጠብ ላይ ነው፤ ቬክተር ማስፋት ምንም አይጨምርለትም።

ዳታቤዝ ወይም ድረ ገጽ ለማስተናገድ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ይተወው። የእሱ ሥራ የነጥብ ቁጥር ብዙም አይነካም፤ የሚያየው ካሹን፣ የሚሞሪውን የምላሽ ጊዜና የአንድ ኮር ቱርቦን ነው። ከላይ የተነቀፈው 3.8 ጊጋኸርዝ ለእሱ ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ቁጥሩን ሲጽፉ ቅመሞቹን አብረው ይጻፉ፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «2,061 ጊጋፍሎፕስ፤ ባለ64 ቢት፤ 1 ሶኬት፣ 28 ኮር፤ ኤቪኤክስ512፣ 2 ኤፍኤምኤ፤ የሁሉም ኮር የቬክተር ቱርቦ 2.3 ጊጋኸርዝ፤ የተሰላ፣ ያልተለካ።»